ሁለት ትምህርት ቤት የነበራቸው ሰው
(የመንግሥቱ ለማ ሕይወትና ሥራ ለእኛ ለመምህራን)

ከመርካቶ ወደ ተቋማችን ስንመላለስ አብነት የሚለውን ቃል ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም። የታክሲ ረዳቱ እየጮኸ ይጠራዋል፣ ዕቃ ጫኙ ይጠራዋል፣ እኛም ቀጠሮ ስንሰጣጥ እንጠራዋለን። ለእኛ ሰፈር ነው፤ በቃ። ይሁን እንጂ ይኸው ቃል በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ሌላ ነገር ነው። የአብነት ትምህርት ማለት ከመምህሩ አፍ እየተሰማ በቃል የሚያዝ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ዋናው መሣሪያ ጆሮ ነው።

ዛሬ ስለ አንድ ባለ ጆሮ ሰው ልንጽፍ ተነሥተናል። ከዚያ በፊት ግን ለምን እንደ ተነሣን እንናገር።

በዚህ ዓመት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሠልጣኞች የሆንን ሁሉ ከቋንቋ፣ ከሥነ ጽሑፍ ወይም ከሕዝብ ባህል አንድ የጥናት ርእስ እንድንመርጥ ታዘን ነበር። አብዛኞቻችን ምን ይዘን እንደ ቀረብን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሼክስፒር፣ የውጭ ፊልም፣ የውጭ ዘፈን። አንዲት ጓደኛችን ብቻ የአያቷን ተረትና የለቅሶ ግጥም ሰብስባ በእንግሊዝኛ ለመተንተን አሰበች። ይሄ ደግሞ ምኑ ጥናት ይባላል ብለን የሳቅንባት እኛው ነን። እሷም አፈረችና ነገሩን ከፈተና በኋላ ብላ አቆየችው። አያቷ ግን ፈተናውን አልጠበቁም፤ ዐረፉ። የሚያውቁትን ሁሉ ይዘውት ሄዱ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሌሎች ሴቶች ሲያለቅሱ ስንሰማ እርስ በርሳችን መተያየት አቃተን።

ታዲያ ያ ሳቅ ከየት መጣ? የእንግሊዝኛ ጥናት የሚባለው ከእንግሊዞች አገር ነገር ላይ ብቻ የሚሠራ ይመስለን ስለነበር ነው። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ከማንም በላይ በሥራቸው ያሳዩን ሰው መንግሥቱ ለማ ናቸው። ብዙዎቻችን የተውኔት ደራሲ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ተመራማሪነታቸውን ግን ያን ያህል አናነሣውም። ስለዚህ ሕይወታቸውን በዚህ በኩል እንየው።

መንግሥቱ ለማ በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በሐረር ነው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ የታወቁ ሊቅ ነበሩ። አለቃ ለማ ከመጻሕፍት ሌላ ጨዋታም ያውቁ ነበር። የድሮ ሊቃውንትን ብልሃት፣ የመኳንንቱን ነገር፣ የደብተራውን ተንኮል እያመጡ ሲያወጉ ልጁ ይሰማል። ያ ወግ የቤቱ የዘወትር ምግብ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

መንግሥቱ በልጅነታቸው ቅኔ ተምረዋል። እዚህ ላይ መምህር ለመሆን የምንዘጋጅ ሰዎች ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ አያልፍም። ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት። ለብቻው ተቀምጦ ያስባል፣ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፣ ይጥላል ወይም ይቀበላል። ቃሉን ይመዝናል፣ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፣ ቤቱ መምታቱን በጆሮው ያረጋግጣል። ዛሬ በሥልጠና ክፍላችን ተማሪው ራሱ ይሥራ፣ ራሱ ይፍጠር እየተባለ የሚነገረን ዘዴ እዚያ ዘንድ የቆየ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤታቸው ይህ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነው። በ1935 ዓ.ም. በተከፈተው በኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ የተማረ ሰው ጠፍቶባት ስለነበር ከዚያ የወጡ ብዙ ወጣቶች ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ለንደን ሄዱ። በመጀመሪያ በሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ፣ ቀጥሎም በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተማሩ። ሥነ ጽሑፍ የተመደበላቸው ትምህርት አልነበረም። የለንደን ቴአትር ቤቶች ግን ክፍት ነበሩ፤ መጻሕፍቱም ነበሩ።

በዚያን ጊዜ በርናርድ ሾው በሕይወት ነበሩ፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። መንግሥቱ ለማ በሾው ሥራ እንደ ተማረኩ የታወቀ ነው። ሾው ሰውን እያሳቁ የኅብረተሰቡን ጉድ ማውጣት የሚችሉ ጸሐፊ ነበሩ። ከተውኔቶቻቸው አንዱ «ፒግማሊዮን» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ታሪኩ የሚጀምረው ኮቨንት ጋርደን በሚባለው የለንደን የአትክልትና የአበባ ገበያ አጠገብ ነው። አንድ የድምፀ ልሳን ሊቅ ጥግ ይዞ ይቆምና አንዲት አበባ ሻጭ ልጅ የምትናገረውን በማስታወሻው ላይ ይቀዳል። እስቲ አስቡት፤ በእንግሊዝኛ ተውኔቶች ዘንድ ስመ ጥር ከሆኑት መካከል አንዱ የተጀመረው የገበያ ሰው ቋንቋ ሲመዘገብ ነው። እኛ መርካቶ ሥር ተቀምጠን የደላላውን፣ የተሸካሚውንና የሊስትሮውን ቋንቋ ከቁም ነገር ሳንቆጥር የምናልፈው ለምንድን ነው?

መንግሥቱ ለማ በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሠሩ፤ ቀጥሎም በኒው ዴልሂ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በዲፕሎማትነት ለዓመታት አገለገሉ። ቀን የመንግሥት ሥራ፣ ማታ ደግሞ ብዕር ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. «የግጥም ጉባኤ» የተባለው መድበላቸው ወጣ። ርእሱ ራሱ የቅኔ ቤቱን ጉባኤ ያስታውሰናል። ከታወቁት ግጥሞቻቸው አንዱ ባሻ አሸብር የተባለ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ሄዶ የቆዳ ቀለም ልዩነት ሲገጥመው የሚሆነውን ይተርካል። ግጥሙ ያስቃል፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ተመራማሪው እንምጣ። ሦስት ሥራዎችን ብቻ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በ1953 ዓ.ም. የወጣው «የአባቶች ጨዋታ» ነው። በዚህ መጽሐፍ መንግሥቱ ከአባታቸው የሰሟቸውን አጫጭር የጥንት ወጎች ሰብስበው አቀረቡ። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው የራሱን ልብ ወለድ ወይም ምክር ይጽፍ ነበር እንጂ እቤት ምድጃ ዳር የሚወራን ቀልድ ማሳተም ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር። እሳቸው ግን ቀልዱ ውስጥ የሕዝብ ብልሃት፣ የሕዝብ ፍርድና የቋንቋው ለዛ እንዳለ ዐወቁ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ፖፑላር ከልቸር ወይም ፎክሎር እየተባለ በዩኒቨርሲቲ የሚጠናው ጉዳይ ይኸው አይደለም እንዴ?

ሁለተኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት መውጣት ጀመረ። መንግሥቱ ለማ በዚያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ቅጽ ሁለተኛ ቁጥር ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር ዘዴ አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። የጽሑፉ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ የአማርኛ ግጥም የሚመታው በምን ሕግ ነው? ይህን ለመመለስ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ መቁጠር ያስፈልጋል። የሚቆጠረውም ፊደሉ ሳይሆን በአፍ የሚወጣው ቀለም ነው። ለምሳሌ እኛ የምናውቀውን ትምህርት የሚለውን ቃል እንውሰድ። በጽሑፍ አምስት ፊደል ነው፤ ስንናገረው ግን ሁለት ቀለም ብቻ ይሆናል፤ ትም ብለን ህርት እንላለን። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣልና። ፊደል እየቆጠረ ግጥም የሚለካ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

በዚህ መንገድ ሲታይ የአማርኛ ስንኝ መሐሉ ላይ ዕረፍት ያለው፣ በሁለት ሐረግ የተከፈለ ሆኖ ይገኛል። ስድስት ስድስት ቀለም ሲሆን የወል ቤት ይባላል፤ ብዙው የአማርኛ ግጥም በዚህ ነው የሚሄደው። አምስት አምስት ሲሆን ሰንጎ መገን ይባላል። አራት አራት ሲሆን ደግሞ ቡሄ በሉ ይባላል። ስሞቹን ልብ በሉ! ሰንጎ መገን የሕዝብ ዘፈን ነው። ቡሄ በሉ ልጆች ዱላ እየደበደቡ በየደጁ የሚጨፍሩት ነው። ከግሪክ ወይም ከላቲን የተዋሰ ስም አልተፈለገም፤ ሕዝቡ ራሱ ከሚዘፍነው ተወሰደ። ነሐሴ 12 ቀን ማታ የአብነት ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ሲጨፍሩ ቆመን ብንቆጥር ያው አራት አራቱን እናገኘዋለን። ልጆቹ ሕጉን ማንም አልነገራቸውም። ሕጉን አግኝቶ ለዓለም ማስረዳት ግን የተመራማሪ ሥራ ነው፤ መንግሥቱ ለማም ይህንን በእንግሊዝኛ ሠሩት። ቆጠራውን ከቅኔ ቤት፣ የጥናት አጻጻፉን ከእንግሊዝኛው ትምህርት ቤት አምጥተው አንድ ላይ አዋሉት።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉም የበለጠ ልባችንን የሚነካው ነው። አለቃ ለማ አርጅተው ነበር። በዐፄ ዮሐንስና በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያዩትን፣ ቅኔ ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞሩ የደረሰባቸውን፣ የመምህሮቻቸውን ጠባይ ሁሉ ያስታውሳሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ ነው ያለው። ልጃቸው ምን አደረጉ? መቅረጸ ድምፅ ይዘው ከአባታቸው ፊት ተቀመጡ። ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ቀዱ። ከዚያም ቃሉን ወደ ጽሑፍ ገልብጠው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ብለው አሳተሙት።

በዚህ መጽሐፍ ላይ የሚያስደንቀው ያደረጉት ብቻ ሳይሆን ያላደረጉትም ነው። የአባታቸውን ንግግር አስተካክላለሁ ብለው የመጽሐፍ አማርኛ አላለበሱትም። ሽማግሌው እንደሚናገሩት፣ እንደሚደጋግሙት፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ እንደሚያነሡት ቀረ። አንባቢው ሲያነብ ሰው ሲያወራ ይሰማዋል። ስለዚህም መጽሐፉ ለታሪክ ተመራማሪም፣ ለቋንቋ ተመራማሪም፣ ስለ አብነት ትምህርት ማወቅ ለሚፈልግ መምህርም ምንጭ ሆኖ ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግላል። ድምፁን ያኔ ባይቀዱት ኖሮ ይህ ሁሉ የት ይገኝ ነበር? የጓደኛችን አያት ነገር የሄደበት ነው የሚሄደው።

አሁን ደግሞ ተውኔቶቹን በአጭሩ እናንሣ፤ ጥናቱና ተውኔቱ የተለያዩ አይደሉምና። «ጠልፎ በኪሴ» የጠለፋ ጋብቻን ልማድ ይዞ የሚያስቅ ተውኔት ነው። ተማርን የሚሉ ወጣቶች ራሳቸው በልማዱ ተጠላልፈው ሲታዩ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ የከተማውን ምቾት ትቶ ገጠር ይገባል፤ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተምራል፤ የቤት ሠራተኛውንም ያገባል። ዘመዶቹ ያብዳሉ። ገጠር ተመደብን ብለን ገና ከአሁኑ የምናጉረመርም ሠልጣኞች ይህን ተውኔት ብናነበው አይከፋም።

እነዚህን ሁለት ተውኔቶች ወደ እንግሊዝኛ የመለሷቸው ደራሲው ራሳቸው ናቸው። «ያላቻ ጋብቻ» እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ውስጥ በማክሚላን ታትሟል። የትርጉም ትምህርት ለምንወስድ ሁሉ ርእሶቹ ብቻ እንኳ ትልቅ ትምህርት ናቸው። «ጠልፎ በኪሴ» በእንግሊዝኛ «ስናች ኤንድ ረን» ሆነ፤ ነጥቆ መሮጥ እንደ ማለት ነው። ኪሱ ቀረ! ልጅቷን እንደ ዕቃ ኪስ ውስጥ መክተት የሚለው ቀልድ በእንግሊዝኛ አልሄድ ስላለ ፍጥነቱና ሌብነቱ ተያዘ። «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ «ዘ ማሪጅ ኦቭ አንኢኳልስ» ተባለ። ፍቺው ደኅና ነው፤ አቻና ጋብቻ ቤት የሚመቱት ግን በአማርኛ ብቻ ነው። ደራሲው ራሱ ሲተረጉም እንኳ የሚቀር ነገር አለ ማለት ነው። ምን እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ ማጥናት ራሱን የቻለ የእንግሊዝኛ ጥናት ርእስ ይወጣዋል።

በተቃራኒው ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አምጥተዋል። «ጠያቂ» የተባለው ተውኔታቸው ከጄ. ቢ. ፕሪስትሊ «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» የተወሰደ ነው። አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ደስ ብሎት ተሰብስቦ ሳለ አንድ መርማሪ ይመጣና ስለ አንዲት የሞተች ምስኪን ልጅ እያንዳንዱን ይጠይቃል። ሁሉም እጁ እንዳለበት ይገለጣል። ነገሩ በአማርኛ ሲቀርብ የእኛው ሰፈር ነገር መሰለ።

በኋለኛው ዘመናቸው መንግሥቱ ለማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበብ መምህር ሆኑ። የተውኔት አጻጻፍን ለወጣቶች አስተማሩ። የቅኔ መምህር ልጅ ዞሮ ዞሮ መምህር ሆነ ማለት ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1980 ዓ.ም. ዐረፉ። የራሳቸውን ሕይወት የተረኩበት «ደማሙ ብዕረኛ» የተባለው መጽሐፍ የታተመው ካለፉ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? መንግሥቱ ለማ እንግሊዝኛ ዐወቁና የአባታቸውን ቤት አልተዉም። የአባታቸውን ቤት ወደዱና እንግሊዝኛውን አልናቁም። እንግሊዝኛው ሚዛን ሆነላቸው፤ እህሉ ከቤት ነበር። እኛ ብዙ ጊዜ ሚዛኑን ይዘን የምንመዝነው አጥተን የሰው እህል ስንበደር እንገኛለን። ሼክስፒርን አንማር ማለታችን አይደለም፤ ይልቁንም በደንብ እንማር። ዳሩ ግን የእነ ሼክስፒርን ስንኝ የምንቆጥርበትን ዘዴ የለቅሶ ግጥም ለመቁጠርም እንጠቀምበት ነው የምንለው። መምህሮቻችንም እንዲህ ያለ ርእስ ይዞ የሚመጣ ሠልጣኝ ሲያጋጥማቸው የማመሳከሪያ መጽሐፍ የለውም ብለው እንዳይመልሱት በትሕትና እናሳስባለን። የአለቃ ለማ ወግም ሳይታተም በፊት የማመሳከሪያ መጽሐፍ አልነበረውም።

አንድ ነገር እንጨምር። መንግሥቱ የሰበሰቡት ርእሱ እንደሚለው የአባቶችን ጨዋታ ነው። የእናቶች ጨዋታ ገና ብዙ ይቀራል። የሙሾው፣ የወፍጮው፣ የእሹሩሩው፣ የቡናው ወግ ባለቤቶች በዚሁ በአብነት በየግቢው አሉ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይኖሩም። ያኔ ለመቅረጸ ድምፅ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልክ የያዘ ሠልጣኝ ሁሉ መቅረጸ ድምፅ በኪሱ አለ። የጠፋው መሣሪያው አይደለም።

ያቺ ጓደኛችን ርእሷን አልተወችውም። በዚህ ሳምንት የአያቷ ጎረቤት ወደ ሆኑ አንዲት እናት ዘንድ ሄዳ መቅዳት ጀምራለች። ፈቃዳቸውን ጠይቃ፣ የማይወጣውን ለይታ ነው የምትቀዳው፤ ይህም የጥናቱ ደንብ ነው። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ቃሉን ወደ ጽሑፍ በመገልበጥ እየረዷት ነው፤ በሳቅናት ጊዜ ከሁሉም በላይ የሳቁት ናቸው። ሥራው ሲያልቅ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ሆኖ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ሌሎቻችሁም የሰበሰባችሁትን አምጡ፤ ቦታ አለን።

የዝግጅት ክፍሉ